ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ምን ያስተምራል?

ልጃችሁ ስድስተኛ ክፍልን ጨርሷል እንበል። ማንበብ ይችላል። መጻፍ ይችላል። መደመርና መቀነስም አያቅተውም። በዚህ ጊዜ በብዙ ቤት አንድ ጥያቄ ይነሣል። «ፊደሉን ከለየ፣ ስሙን ከጻፈ ምን ቀረው? ከብቱን የሚጠብቅ የለም፤ ት/ቤቱም ሩቅ ነው፤ ይበቃዋል» ይባላል። ልጅቱ ሴት ከሆነች ደግሞ ነገሩ ይከብዳል። «ደርሳለች፤ መንገዱም አያስተማምንም» የሚል ይጨመርበታል።

ይህን የሚሉ ወላጆች ልጃቸውን የሚጠሉ አይደሉም። ልጁ ጧት ሄዶ ማታ ይመለሳል፤ በመካከሉ የሚሠራውን ግን ማንም አላሳያቸውም። ያላዩትን ነገር ዋጋ ማወቅ ይከብዳል። እናንተ ግን አሁን ማንበብ ጀምራችኋል። የልጃችሁን ደብተር ገልጣችሁ ማየት ትችላላችሁ። እስቲ ያን ደብተር ዛሬ አብረን እንግለጠው።

በመጀመሪያ ስለ ስሙ ጥቂት እንበል። በደርግ ዘመን ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል «መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ» ይባል ነበር። በ1986 ዓ.ም. በወጣው የትምህርት ፖሊሲ ከአንደኛ ደረጃ ጋር ተጠቃለለ። በ2015 ዓ.ም. ሥራ ላይ በዋለው ሥርዓተ ትምህርት ደግሞ እንደገና ተለይቶ «መካከለኛ ደረጃ» ተባለ። ስለዚህ አጎት «መለስተኛ» ቢሉ፣ ልጅቱ «መካከለኛ» ብትል፣ ሁለቱም የሚያወሩት ስለ አንድ ነገር ነው። በ7 ዓመቱ ት/ቤት የገባ ልጅ ክፍል ሳይደግም ከሄደ ሰባተኛ ክፍል የሚደርሰው በ13 ዓመቱ ነው።

ከሒሳብ እንጀምር፤ ቶሎ ኪስ የሚነካው እሱ ነውና።

በዚህ ደረጃ ልጁ መቶኛንና ወለድን ይማራል። መቶኛ ማለት «ከመቶ ስንት» ማለት ነው። ከ100 ኪሎ በቆሎ 5 ኪሎውን ነቀዝ ቢበላው፣ 5 በመቶ ጠፋ እንላለን። ይህ ቀላል ነው። ወለድ ላይ ሲደርስ ግን ነገሩ ይጠብቃል።

እንበልና በክረምት 5,000 ብር ቸገራችሁ። አንዱ አበዳሪ «በመቶ ብር በወር 10 ብር ብቻ» ይላል። የቁጠባና ብድር ማኅበሩ ደግሞ «በመቶ ብር በዓመት 18 ብር» ይላል እንበል። ለጆሮ 10 ከ18 ያንሳል። ስንቱ ሰው በዚህች ቃል ተታሎ በሬውን ሸጧል! የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ግን ደብተሩ ላይ እንዲህ ያሰላዋል።

5,000 ብር ማለት 50 ጊዜ 100 ብር ነው።
የመጀመሪያው አበዳሪ በወር፦ 50 × 10 = 500 ብር።
በዓመት፦ 500 × 12 = 6,000 ብር።
የማኅበሩ በዓመት፦ 50 × 18 = 900 ብር።

አያችሁ? በመጀመሪያው ብድር ወለዱ ብቻ ከተበደራችሁት ገንዘብ በለጠ። ዋናው 5,000 ብር ደግሞ ገና አልተመለሰም። ልጁ ይህን ያወቀው ሊቅ ሆኖ አይደለም። «በወር» የምትለዋን ቃል አይቶ በ12 ማባዛት ስለተማረ ነው። አራጣ አበዳሪ የሚኖረው በዚያች ባልተባዛች ቃል ነው።

ሌላው የመሬት ስፋት ነው። በታች ክፍል ልጁ የተማረው ጎኖቹ እኩል የሆኑትን ቅርጾች መለካት ነበር። የእኛ ማሳ ግን እንደዚያ ሆኖ አይገኝም። አንዱ ጫፍ ይሰፋል፣ ሌላው ይጠባል። በዚህ ደረጃ እንዲህ ያለውን ቅርጽ መለካት ይማራል። ስሙን ትራፒዝየም ይሉታል። ስሙ አያስደንግጣችሁ፤ አሠራሩ ቀላል ነው።

የማሳችሁ የላይኛው ድንበር 60 ሜትር ነው እንበል። የታችኛው ድንበር 40 ሜትር ነው። ሁለቱ ድንበሮች ጎን ለጎን የሚሄዱ ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት 50 ሜትር ነው። 60 እና 40 ሲደመር 100 ይሆናል። የ100 ግማሽ 50 ነው። 50 በ50 ሲባዛ 2,500 ካሬ ሜትር ይመጣል። አንድ ሄክታር 10,000 ካሬ ሜትር ስለሆነ፣ ይህ ማሳ ሩብ ሄክታር ነው ማለት ነው። በብዙ አገር አንድ ጥማድ የሚባለው ወደዚህ ይጠጋል። ጥማድ ግን እንደ በሬው ጉልበትና እንደ አፈሩ ጥንካሬ ይለያያል፤ ሄክታር አይለያይም። ማዳበሪያ ለሄክታር 100 ኪሎ ያስፈልጋል ከተባለ፣ ለዚህ ማሳ የሚበቃው 25 ኪሎ ነው። ከዚያ በላይ መግዛት ገንዘብ መበተን ነው። በይዞታ ደብተራችሁ ላይ ስፋቱ በሄክታር ተጽፎ ከሆነ፣ ልጃችሁ ለክቶ ያገኘውን ከተጻፈው ጋር ማስተያየት ትችላላችሁ።

አንድ ነገር እንጨምር፤ ይህን ቤት የሚሠራ ሰው ይወደዋል። ፓይታጎረስ የሚባል ጥንታዊ የግሪክ ሊቅ ነበር። በስሙ የሚጠራ ሕግ አለ። ተማሪዎች ሕጉን በቁጥር ይማሩታል። እኛ በገመድና በችካል እንየው። የቤታችሁ ማዕዘን ቀጥ ያለ መሆኑን ለማወቅ ማዕዘኑ ላይ አንድ ችካል ትከሉ። ከእሱ ተነሥታችሁ በአንዱ ግድግዳ በኩል 3 ክንድ ለኩና ሌላ ችካል ትከሉ። በሁለተኛው ግድግዳ በኩል 4 ክንድ ለኩና ሦስተኛውን ትከሉ። አሁን በሁለተኛውና በሦስተኛው ችካል መካከል ያለውን ርቀት ለኩ። ልክ 5 ክንድ ከመጣ ማዕዘኑ ቀጥ ብሏል። ከ5 ከበለጠ ተከፍቷል፤ ከ5 ካነሰ ጠቧል። የሚለካው ሰው ግን አንድ ይሁን፤ የአባትና የልጅ ክንድ እኩል አይደለምና። ምክንያቱ ይህ ነው፦ 3 በ3 ሲባዛ 9፣ 4 በ4 ሲባዛ 16፣ ሁለቱ ሲደመሩ 25። 5 በ5 ሲባዛም 25 ነው። ጥሩ ግንበኛ ይህን በልምድ ያውቅ ይሆናል። ተማሪው ደግሞ ለምን እንደሆነ ያውቃል። ሁለቱ ቢገናኙ ቤቱ አይጣመምም።

ወደ ሳይንስ እንለፍ። ቀደም ሲል በዚህ ደረጃ ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪና ፊዚክስ ተለያይተው ይሰጡ ነበር። አሁን አጠቃላይ ሳይንስ ተብለው በአንድ መጽሐፍ ይሰጣሉ። ስለ ሰውነታችን፣ ስለ ዕፅዋት፣ ስለ ንጥረ ነገሮች፣ ስለ ኃይል፣ ስለ ፀሐይና ስለ ፕላኔቶች ይማሩበታል።

ገበሬ ለሳይንስ እንግዳ አይደለም። ባቄላ ወይም አተር ተዘርቶበት በነበረ ማሳ ላይ በዓመቱ ስንዴ ቢዘራ ያምራል። ይህን አባቶቻችን ት/ቤት ሳይገቡ ያውቁታል። ምክንያቱን ግን ልጁ ከሳይንስ ትምህርቱ ያመጣላችኋል። ከምንተነፍሰው አየር ከመቶው 78 እጁ ናይትሮጅን የሚባል ነገር ነው። ሰብል ያለ ናይትሮጅን አያድግም፤ ሆኖም ከአየሩ ላይ በቀጥታ መውሰድ አይችልም። በባቄላ፣ በአተር፣ በሽምብራና በግብጦ ሥር ላይ የሚኖሩ፣ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ነፍሳት አሉ። እነሱ ናይትሮጅኑን ከአየር ወስደው ተክሉ ሊጠቀምበት ወደሚችል ምግብ ይለውጡታል።

ይህን በወሬ ብቻ አትመኑ። ባቄላው ሲያብብ አንዱን ከነሥሩ በቀስታ ቆፍራችሁ አውጡ። ሥሩ ላይ እንደ ትናንሽ ዶቃ ያሉ እባጮች ታያላችሁ። አንዱን በጥፍራችሁ ክፈቱት። ውስጡ ቀላ ያለ ከሆነ ሥራ ላይ ነው። አረንጓዴ ወይም ግራጫ ከሆነ አይሠራም።

አሁን ደግሞ ሒሳቡን እዚህ እናምጣው። ዩሪያ ከሚባለው ማዳበሪያ ከመቶው 46 እጅ ናይትሮጅን ነው። ስለዚህ 50 ኪሎ በያዘ ጆንያ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን 23 ኪሎ ነው። ያ በገንዘብ የሚገዛው ነገር፣ ባቄላው በሥሩ ያለ ዋጋ የሚያመጣው ነው። የማዳበሪያ ዋጋ በናረ ቁጥር ይህ ትምህርት ዋጋው ይጨምራል።

በዚሁ መጽሐፍ ልጁ ስለ አሲድና ስለ ቤዝ ይማራል። ሎሚ አሲድ ነው። የአመድ ውኃ ቤዝ ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ይሰባበራሉ። በጎጃምና በወለጋ ደጋ ብዙ ዝናብ የሚያጥበው አፈር አሲዳማ ይሆናል፤ ገብስና ስንዴም ይቀጭጭበታል። የግብርና ሠራተኛው «ኖራ ጨምሩ» የሚለው ለዚህ ነው። ኖራ እንደ አመዱ አሲዱን ይሰብረዋል። ልጃችሁ ይህን ትምህርት ከተማረ፣ ሠራተኛው ሲናገር «ለምን?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው በቤታችሁ አለ ማለት ነው።

ስለ በሽታም ይማራሉ። ወባን የምታስተላልፈው ሴቷ ትንኝ ናት። እንቁላሏን የምትጥለው በቆመ ውኃ ላይ ነው። እንቁላሉ አድጎ ትንኝ እስኪሆን አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈጅበታል። ስለዚህ በቤታችሁ አካባቢ ያለውን ኩሬ በየሳምንቱ ብታፋስሱት፣ ገና ሳትበር ጨረሳችኋት ማለት ነው። ቆላ ለምትኖሩ ይህች አንዲት ገጽ ብቻ የዓመቱን ትምህርት ትበልጣለች እንላለን።

የኅብረተሰብ ትምህርት የሚባለው ታሪክንና ጂኦግራፊን አንድ ላይ የያዘ ነው። ካርታ ማንበብ እዚህ ይማራሉ። ኢትዮጵያ ውስጥ ከባሕር ጠለል በላይ ከ4,500 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ያለው ራስ ዳሸን አለ። ከባሕር ጠለል በታች ከ100 ሜትር በላይ የሚወርድ የአፋር ምድርም አለ። ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ የምንለው ከዚህ ከፍታ ጋር እንዴት እንደሚሄድ፣ ጤፍ እዚህ፣ ገብስ እዚያ ለምን እንደሚስማማው ይማራሉ።

ታሪኩም አለ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የተገኘውን የዐድዋ ድል ይማራሉ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀውንና የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገውን አዋጅ ይማራሉ። በእኛ አስተያየት እዚህ ላይ መጽሐፉ ብቻውን አይበቃም። ከእሱ የበለጠ የሚያውቁ አዛውንቶች በየቤቱ አሉ። ጭሰኛ ምን ይከፍል ነበር? ሲሶ ስንት ነው? እርቦስ? ልጁ አያቱን ይጠይቅ። ሲሶ ከሦስት አንድ፣ እርቦ ከአራት አንድ ነው። ከ12 ኩንታል ሲሶ 4 ኩንታል፣ እርቦ ደግሞ 3 ኩንታል ይሆናል። አያት በአውድማ ላይ ያወቁትን ክፍልፋይ ልጅ በደብተሩ ላይ ያገኘዋል።

የአፍ መፍቻ ቋንቋ ትምህርትን ብዙ ሰው ይንቀዋል። «ቋንቋውን ከእናቱ ተምሮታል፤ ደግሞ ምን ያስተምሩታል?» ይላል። በዚህ ደረጃ የሚማሩት ግን ማውራት ሳይሆን፣ ሐሳብን በቅደም ተከተል ጽፎ ማቅረብ ነው። ማመልከቻ፣ ደብዳቤ፣ ቃለ ጉባኤ፣ አጭር ዘገባ ይጽፋሉ። ለቀበሌ ወይም ለወረዳ ማመልከቻ ለማጻፍ ስንት ብር ከፍላችሁ ታውቃላችሁ? የጻፈላችሁ ሰው የእናንተን ቃል ይጻፍ ወይም የራሱን ታውቃላችሁ? መሬት በኪራይ ስትሰጡ ውሉ ላይ ያለው ዓመት 3 ይሁን 30፣ ከፊርማ በፊት የሚያነብላችሁ ልጅ ቤት ውስጥ ቢኖር አይሻልም? እናንተም ቀስ እያላችሁ ታነቡታላችሁ፤ ሁለት ዓይን ግን ከአንድ ይሻላል።

እንግሊዝኛስ? እዚህ ላይ እውነቱን እንናገር። በገጠር ቤት ውስጥ እንግሊዝኛ የሚሠራው ሥራ ትንሽ ነው። ነገር ግን ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ በመላ አገሪቱ ሒሳቡም ሳይንሱም በእንግሊዝኛ ይሰጣል። ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ወንዙን የሚያሻግሩ ድልድዮች ናቸው። በእነዚህ ሁለት ዓመታት እንግሊዝኛውን ያልያዘ ተማሪ፣ ሒሳብ እያወቀ እንኳ ዘጠነኛ ክፍል ላይ ጥያቄው ምን እንደሆነ ስለማይገባው ይወድቃል። እናንተ ቋንቋውን ባታውቁትም ማታ ማታ ጮክ ብሎ እንዲያነብላችሁ ማድረግ ትችላላችሁ። ይንተባተባል ወይስ ይፈሳል? ይህን ለማወቅ ጆሮ ብቻ ይበቃል።

በዜግነት ትምህርት ስለ ሕግ፣ ስለ መብትና ስለ ግዴታ ይማራሉ። ከዚህ ውስጥ አንዱን ነጥለን እናንሣ። በ1992 ዓ.ም. በወጣው የቤተሰብ ሕግ መሠረት ወንድም ሆነ ሴት 18 ዓመት ሳይሞላቸው ማግባት አይችሉም። የሰባተኛ ክፍል ተማሪዋ 13 ዓመቷ ነው። ስምንተኛን ስትጨርስ 15 ዓመት ገደማ ትሆናለች። ስለዚህ «ደርሳለች» ማለት በሕግ ፊት ሐሰት ነው። በዚህ ዕድሜ የምታቋርጠው ልጅ ገና ወለድ ማስላት ሳትማር፣ ስለ ሰውነቷ ለውጥ የሚያስረዳውን የሳይንስ ትምህርት ሳታነብ ነው የቤት እመቤት የምትሆነው። በማግሥቱ ደግሞ ልጅ አሳዳጊ ናት። መንገዱ ካስፈራችሁ ለብቻዋ አትላኳት። የአንድ መንደር ልጆች ተሰባስበው ይሂዱ፤ ወላጆችም ተራ ገብታችሁ ሸኟቸው። ከብት መጠበቅም እንደዚሁ በተራ ይሆናል። ት/ቤቱ በፈረቃ የሚያስተምር ከሆነ አንዱ ልጅ ጧት፣ ሌላው ከሰዓት በኋላ እንዲማር መጠየቅ ይቻላል።

ከእነዚህ ሌላ የሙያና ቴክኒክ፣ የሥነ ጥበብ፣ የጤናና ሰውነት ማጎልመሻ፣ የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ትምህርቶች አሉ። የመጨረሻው ስለ ኮምፒዩተር ነው። መብራት በሌለበት ት/ቤት ልጁ ኮምፒዩተርን በሥዕል ብቻ አይቶ ፈተና ይፈተንበታል። በሬን በሥዕል አሳይቶ ማረስ እንደ ማስተማር ነው፤ ግን ጭራሽ ካለማወቅ ይሻላል።

ጉድለቱ በኮምፒዩተር ብቻ አይደለም። ብዙ ቦታ አንድ መጽሐፍ ለሁለትና ለሦስት ተማሪ ይሆናል። ጥቁር ሰሌዳ ላይ ያለውን ገልብጦ፣ ሸምድዶ፣ ለፈተና መልሶ የሚጽፍ ልጅም ብዙ ነው። የትራፒዝየምን ሕግ በቃሉ ይወጣል፤ የአባቱን ማሳ ለካ ቢባል ግን አይችልም። እንዲህ ያለውን ልጅ አይታችሁ «ትምህርት ከንቱ ነው» አትበሉ። ትምህርቱ ደብተሩ ላይ አለ፤ ወደ ማሳው አልወረደም እንጂ። ወደ ማሳው የምታወርዱት ደግሞ እናንተ ናችሁ። ማታ እሳት ዳር ተቀምጣችሁ «ዛሬ ምን ተማርሽ? በእኛ ቤት ምን ላይ ይሠራል?» በሏት። መልስ ካጣች ነገ መምህሯን እንድትጠይቅ ንገሯት። እናንተም የወላጅ ስብሰባ ሲጠራ ሄዳችሁ ይህንኑ ጠይቁ።

ስለ ፈተናውም ማወቅ አለባችሁ። በስምንተኛ ክፍል መጨረሻ ክልሉ የሚያዘጋጀው ፈተና ይሰጣል። ይህን ያለፈ ዘጠነኛ ክፍል ይገባል። ዘጠነኛ ክፍል ያለበት ት/ቤት ብዙ ጊዜ ወረዳው ከተማ ነው። የቤት ኪራይና ስንቅ ይመጣል። ይህ ድንገት እንዳይደርስባችሁ ልጁ ሰባተኛ ሲገባ ጀምሮ በየወሩ ጥቂት ጥቂት ማስቀመጥ ይሻላል። ትምህርት የሚጀመረው በመስከረም ነው። ልጆች በብዛት የሚቀሩት ግን አጨዳና ውቂያ በሚበረታበት በኅዳርና በታኅሣሥ ነው። ሒሳብ እንደ ግድግዳ ነው፤ የታችኛው ድንጋይ ከጎደለ የላይኛው አይቆምም። በውቂያ ጊዜ ልጁን የግድ የምትፈልጉት ከሆነ፣ ከቅዳሜና ከእሑድ አትለፉ።

እስቲ አሁን ይህን ሒሳብ በደብተራችሁ ላይ ሥሩ። ከዚያ ልጃችሁ እንዲያርምላችሁ ስጡት።

አንድ ገበሬ 3,000 ብር ተበደረ። ወለዱ ከመቶ ብር በወር 5 ብር ነው። ብድሩን የመለሰው ከ8 ወር በኋላ ነው። ወለዱ ስንት ነው? በጠቅላላው ስንት ብር መለሰ? ከማኅበሩ ከመቶ ብር በዓመት 18 ብር ወለድ ተበድሮ ቢሆን ኖሮ፣ ለ8 ወር የሚከፍለው ወለድ ስንት ይሆን ነበር?